ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስት ሰነድ፣ አንድ ጣቢያ

ጉዳዩ የሆነው ባሕር ዳር ነው፤ ከጦርነቱ በፊት፣ በአንድ የጥምቀት ሰሞን። ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ምሽት፣ በአንድ ጠብ ተጠርጥረው ተያዙ። ታላቅየው አሜሪካዊ ዜግነት ወስዷል። መካከለኛው ለዓመታት አሜሪካ ኖሯል፤ በእጁ ያለው ግን ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ታናሹ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሚሠራ ልጅ ነው። ኪሱ ውስጥ የነበረው የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው።

የምጽፈው ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ነው። የማንንም ስም አልጠራም፤ ጣቢያውንም አልጠቅስም።

ልጽፈው የተነሣሁት አንድ ነገር ስላንገበገበኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቤተሰቡ በሙሉ ያሳለፈው ስልክ ላይ ነበር። "አሜሪካዊ ነው፣ ኤምባሲው ያስወጣዋል" የሚል እምነት ቤቱን ይዞት ነበር። ልጆቹን የሚያስፈታው ነገር ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ ሐኪሙ ዘንድ፣ ምስክሮቹ ዘንድ፣ ፍርድ ቤት።

ያ ምሽት

ቅዳሜ ነው። ወንድማማቾቹ ጣና ዳር ካለ አንድ መዝናኛ ሲወጡ የተከራዩት መኪና ጎኑ ተፍቆ አገኙት። የፋቀው ባጃጅም ሾፌሩም እዚያው ናቸው። ክርክሩ ወደ ግፊያ፣ ግፊያው ወደ ቡጢ ሄደ። ሾፌሩ አስፋልት ላይ ወድቆ የእጁ አንጓ ተጎዳ። ሰው ተሰበሰበ፤ ፖሊስ ደረሰ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሦስቱም ጣቢያ ገቡ። ሾፌሩን ሰዎች ሆስፒታል ወሰዱት።

ታላቅየው ገና ከመኪናው ሳይወርድ "የመያዣ ማዘዣ አሳዩኝ" ብሎ ተከራክሯል። ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 49 ሕግ ካልፈቀደ በቀር ማንም ሰው ያለ ማዘዣ እንዳይያዝ ይደነግጋል። ግን ሕጉ ራሱ የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች ከሥሩ አሉ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ማዘዣ አይጠበቅለትም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያሳስር ወንጀል በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ ሰውንም ፖሊስ ያለ ማዘዣ መያዝ ይችላል። ጠቡ ገና ሳይበርድ የደረሰ ፖሊስ ማዘዣ አያስፈልገውም ነበር።

ሁለተኛው ክርክሩ "እኔ አሜሪካዊ ነኝ፣ የእናንተ ሕግ አይመለከተኝም" የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሕጉ ጥርት ያለ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 11 በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ወንጀል የፈጸመ ማንኛውም ሰው በዚህ ሕግ እንደሚዳኝ ይናገራል። የዲፕሎማሲ ከለላ ካለው ሰው በቀር ፓስፖርት ይህን አይለውጥም። አሜሪካም ቢሆን አንድ ኢትዮጵያዊ ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ቢመታ የሚዳኘው በሚኒሶታ ሕግ ነው።

ይህ ግን ታላቅየውን መብት የለሽ አያደርገውም። በዚያ ሰዓት የነበሩት መብቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ከታናሽ ወንድሙ ጋር እኩል የሚካፈላቸው ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 "የተያዙ ሰዎች" ይላል እንጂ "ዜጎች" አይልም። የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው። የሚናገረው ነገር በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። እንዲያምን አይገደድም። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰቡ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ያዛል።

ታላቅየው "መብቴ አልተነበበልኝም" እያለ ይጮህ የነበረው በአሜሪካ የሚታወቀውን ማስጠንቀቂያ አስቦ ነው። እዚያ ያ ማስጠንቀቂያ የመጣው በ1966 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚራንዳ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ነው። እኛ ዘንድ ተመሳሳዩ ነገር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። "የኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 19 ይከበርልኝ" ቢል ኖሮ መርማሪው የሚያውቀውን ነገር በጠየቀው ነበር።

መዝገቡ ላይ የተጻፈው ዜግነት

እሑድ ጠዋት እናትየው ቁርስ ይዘው ጣቢያ ሄዱ። ከአሜሪካ አብራ የመጣችው የታላቅየው ባለቤት ደግሞ ስልኳን አንሥታ አዲስ አበባ ያለውን ኤምባሲ መፈለግ ጀመረች። ባሕር ዳር የአሜሪካ ቆንስላ የለም። ተረኛ ሠራተኛ አገኘች፤ ጥያቄዎችም ቀረቡላት። የማን ዜጋ ነው? የፓስፖርት ቁጥሩስ? ስለ ጉዳዩ ለቤተሰብ እንድንናገር በጽሑፍ ፈቅዷል?

ስለ ታላቅየው መልስ ነበራት። ስለ መካከለኛው ስትጠይቅ ግን አጭር መልስ ነው ያገኘችው። እሱ የአሜሪካ ዜጋ አይደለም። ግሪን ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የኤምባሲው የዜጎች አገልግሎት እሱን አይጨምርም። ቤቱ ውስጥ ይህ እንደ መርዶ ነበር የተሰማው። ሰውየው አሜሪካ ቤት ገዝቷል፣ ግብር ይከፍላል፣ ልጆቹ እዚያ ተወልደዋል። በሕግ ዓይን ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የተያዘ ኢትዮጵያዊ ነው።

የታላቅየው ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ተወሳሰበ። የተጠርጣሪ መዝገቡ ላይ ዜግነቱ "ኢትዮጵያዊ" ተብሎ ነበር የተጻፈው። ተረኛው ፖሊስ በክፋት የጻፈው አይመስለኝም። ሰውየው ጎጃምኛ ለዛ ባለው አማርኛ ይጮሃል፤ የትውልድ ቦታው ባሕር ዳር ነው፤ ኪሱ ውስጥ የተገኘው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው ነው።

ቢጫ ካርድ ግን ዜግነት አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ መግባትን፣ መኖርንና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ፈቅዷል። መምረጥና መመረጥን ግን አልሰጠም። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ጥምር ዜግነት የለንም። ስለዚህ ታላቅየው በእናቱ ጓሮ ቢያዝም የውጭ ዜጋ ነው።

ይህ የሚለውጠው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የተያዘ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል። ከጠየቀ ቆንስላው እንዲያውቅ ይደረጋል። የቆንስላ ሠራተኛው ሊጎበኘው፣ ሊያነጋግረው፣ ጠበቃ እንዲያገኝ ሊረዳው ይችላል። አልፈልግም ካለ ይቀራል። ይህ አሠራር አገሮች ከጽሑፉ ውጭም በልማድ ሲመሩበት የኖሩት ነው።

ታዲያ ፖሊሱ ሰውየውን ኢትዮጵያዊ መስሎት ከሆነስ? የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሜክሲኮ አሜሪካን በከሰሰችበት የአቬና ጉዳይ፣ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ይህን መልሷል። ግዴታው የሚጀምረው የያዘው አካል ሰውየው የውጭ ዜጋ መሆኑን ሲያውቅ፣ ወይም እንደሆነ የሚያስጠረጥር ነገር ሲያይ ነው። ቢጫ ካርድ ደግሞ በግልጽ የሚያስጠረጥር ነው። ባለቤቱ ኋላ ፓስፖርቱን ይዛ ስትመጣ ምንም ጥርጣሬ አልቀረም፤ መዝገቡ ግን ወዲያው አልተስተካከለም።

ባለቤትየው "ኤምባሲው እኮ በእኔ በኩል ሰምቷል፣ ምን ቀረ?" ብላ ጠይቃኛለች። መልሱን ከአፍሪካ የመጣ አንድ ጉዳይ ይሰጣል። አህመዱ ሳዲዮ ዲያሎ ኮንጎ ውስጥ 32 ዓመት የኖረ የጊኒ ነጋዴ ነው። ታስሮ በ1996 እ.ኤ.አ. ከአገር ተባረረ። ኮንጎ ኤምባሲው ማወቁ አይቀርም ብላ ተከራከረች። ያው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ይህን አልተቀበለም። መብቱን ለተያዘው ሰው ሳይጠየቅ መንገር የያዘው መንግሥት ግዴታ ነው አለ። ቆንስላው በሌላ መንገድ መስማቱ ጥፋቱን አያሽረውም። በ2012 እ.ኤ.አ. ኮንጎ 95,000 ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ለቤተሰቡ የነገርኩትን እዚህም እደግመዋለሁ። ኤምባሲ አያስፈታም። ዳኛ አያዝም፣ የዋስትና ገንዘብ አይከፍልም፣ ችሎት ቆሞ አይከራከርም። የጠበቆች ስም ዝርዝር ይሰጣል፣ ይጎበኛል፣ አያያዙን ይከታተላል፣ ለቤተሰብ መልእክት ያደርሳል። ሰው አገር ለታሰረ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናቱ ምሳ ለምታቀብለው፣ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ግን ከአንድ ደህና የባሕር ዳር ጠበቃ አይበልጥም።

ታናሹ ቀድሞ ወጣ

ማንም ያላሰበው እሑድ ከሰዓት ሆነ። ታናሹ ተፈታ።

መዝናኛው በር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተው ነበር። ልጁ ሲገላግል እንጂ ሲመታ አላየንም አሉ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ተጠርጣሪው ድርጊቱን መፈጸሙ ሲያጠራጥር መርማሪው በዋስ እንዲለቀው ይፈቅድለታል። አንድ የሠፈር ሰው የሰው ዋስ ሆነለት፣ ፈርሞ ወጣ። ከሦስቱ "ምንም ሰው የለውም" የተባለለት እሱ ነበር።

ያው አንቀጽ ሌላም በር አለው። ወንጀሉ ጽኑ እሥራት የማያስከትል ከሆነም ፖሊስ በዋስ መልቀቅ ይችላል። የሁለቱ ታላላቆች ነገር የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። የሾፌሩ ጉዳት ከባድ ከተባለ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ይመጣል፤ ጣሪያው 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ቀላል ከተባለ አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 ነው፤ እሱ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ወይም መቀጮ ነው፣ የሚያስከስሰውም የተበዳዩ አቤቱታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ የሐኪም ወረቀት ነው። እሑድ ቀኑን ሙሉ ያንን ወረቀት የጠየቀ የቤተሰብ ሰው አልነበረም። ሾፌሩን ሆስፒታል ሄዶ "እንዴት ዋልክ?" ያለው ሰውም አልነበረም። ይህኛው እስካሁን ያሳዝነኛል። ሰውየው በቀን ገቢ የሚተዳደር፣ እጁ ካልሠራ ቤቱ የማይበላ ሰው ነው።

ወረቀቱ ሰኞ ከሰዓት መጣ። አጥንት አልተሰበረም፤ ወለምታና እብጠት ነው።

48 ሰዓት

ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት የተያዘ ሰው ሰዓቱ የሚሞላው ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ነው። ታላላቆቹ ፍርድ ቤት የቀረቡት ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 11 ሰዓት አልፏል። መርማሪው ያለው ምክንያት ሁለት ነው፤ እሑድ አይቆጠርም፣ የሐኪም ማስረጃውንም እየጠበቅን ነበር።

ሁለቱም አይሠሩም። ሕገ መንግሥቱ ከቁጥር የሚያወጣው ከተያዙበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚወስደውን ጊዜ ብቻ ነው። እሑድ የለበትም። ከጣቢያው ችሎቱ ድረስ ደግሞ በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ነው። ማስረጃ ያልተሟላለት ፖሊስ ሰውየውን አቅርቦ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል እንጂ ሰዓቱን በራሱ አያራዝምም። ፍርድ ቤትም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ሊፈቅድ አይችልም።

ጠበቃቸው ሰኞ ማታ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አዘጋጅቶ ነበር። ይህ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አካሄዱን ያስቀምጣል። ቃለ መሐላ ይያያዛል፤ ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘ፣ የሚመሰክሩት እነማን እንደሆኑ ይጻፋል። አቤቱታው ሳይገባ ልጆቹ ቀረቡ። ዳኛው መዘግየቱን መርማሪውን ጠይቀው መዝገብ ላይ አስፍረውታል። በሕግ ካልሆነ ሰውን አስሮ ማቆየት ራሱ ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ለዚህ የተጻፈ ነው። ቤተሰቡ ግን ይህን መንገድ መግፋት አልፈለገም፤ አልፈርድባቸውም።

ታላቅየው ችሎት ላይ "በአሜሪካ ይህ አይሆንም" ማለቱ አልቀረም። ከፊሉ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ የተያዘ ሰው መያዙ በቂ ምክንያት እንዳለው ዳኛ ማየት ያለበት በ48 ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው፤ ይህ በ1991 እ.ኤ.አ. በሪቨርሳይድ ጉዳይ የተቀመጠ መለኪያ ነው። ቁጥሩ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ምርመራ አልጨረስኩም እያሉ ሰውን በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ማቆየት እዚያ የለም። የእኛ ጊዜ ቀጠሮ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ነው፤ ጥሩ ጠበቃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውም እዚያ ነው።

ሌላም ልበል። ይህ የምቆጥረው ሰዓት በመደበኛ ጊዜ የሚሠራ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ኋላም በአራት ወር ሲራዘም፣ አንቀጽ 19ን ይዞ መከራከር ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገዱ ከማይችሉት ውስጥ አንቀጽ 17 እና 19 የሉም። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነቱ አንቀጽ 25 ግን አሉ። በዚያ ወቅት የተያዘ ሰው ቤተሰብ ሊይዘው የሚችለው ገመድ እሱ ነበር።

ዋስትናው

የሐኪሙ ወረቀት ከመጣ በኋላ ዋስትና የሚያስከለክል ነገር እምብዛም አልቀረም። ፖሊስ የተቃወመው በአንድ ምክንያት ነው፤ ከአገር ይወጣሉ። ይህ ተራ ክርክር አይደለም። ሁለቱም የመመለሻ ትኬት ቆርጠዋል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ተጠርጣሪ የማስተላለፍ ስምምነት የለም። አንዴ ከበረሩ ሾፌሩ ማንን ከሶ ምን ያገኛል?

እንደ መዳኛ የታየው ፓስፖርት እዚህ ላይ የተቃውሞው መነሻ ሆነ። የመካከለኛው ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትም አላዳነውም፤ ዳኛው ያዩት የፓስፖርቱን ቀለም ሳይሆን ትኬቱን ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ግዴታውን ያከብራል ተብሎ የማይታሰብን ሰው ዋስትና ይነፍገዋል። ጠበቃው ያቀረበው መፍትሔ ጥሩ ነበር። የገንዘብ ዋስትና ያስይዙ፣ ከአገር እንዳይወጡም እግድ ይጻፍ አለ። ዳኛው በዚሁ ፈቱ።

ከሦስቱ አደጋው የከፋው ለመካከለኛው እንደነበር ቤተሰቡ የተረዳው ከዚያ በኋላ ነው። ታላቅየው ቢፈረድበትም ዜጋ ስለሆነ ወደ አሜሪካ ይገባል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ግን ውጭ አገር የተፈረደበት ጥፋት ሲመለስ አየር ማረፊያ ላይ ሊያስጠይቀው፣ ፈቃዱንም ሊያሳጣው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በመቀጮ ልገላገል ከማለቱ በፊት እዚያ ያለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ጂዳ ያለችው እህት

ነገሩ ሲረጋጋ እናትየው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። "እነዚህስ እኔ ነበርኩላቸው። ጂዳ ያለችው ልጄ ብትያዝ ማን አላት?"

የቪየናው ስምምነት አንቀጽ 36 እውነተኛ ባለቤት እሷ ናት። ቋንቋው አይገባትም፣ ምሳ የሚያቀብላት የለም። ከአገር ስትወጣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 48 ሰዓት አብሯት አልወጣም፤ የምትያዘው በሳዑዲ ሕግ ነው። የወንጀል ሕጋችን ግን ሊከተላት ይችላል። በአንቀጽ 18 መሠረት ኢትዮጵያዊ ውጭ አገር ለሠራው ከባድ ወንጀል፣ ድርጊቱ በሁለቱም አገር የሚያስቀጣ ከሆነና እዚያ ካልተዳኘበት፣ እዚህ ሊጠየቅ ይችላል። አገሯ ከገባች ደግሞ የዚሁ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊን ለሌላ አገር አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል።

ለእናትየው የነገርኳቸው የሚሠራውን ነው። ጂዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄነራል አለ። ልጅቷ ከተያዘች ኢትዮጵያዊት መሆኗንና ቆንስላው እንዲያውቅላት እንደምትፈልግ ደጋግማ ትናገር። ብዙ ቀጣሪዎች ፓስፖርት ይይዛሉ፤ ስለዚህ የፓስፖርቷ የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ባሕር ዳር እናቷ ስልክ ላይ ይኑር። የመኖሪያ ፈቃዷም፣ የቀጣሪዋ ስምና ሠፈርም እንዲሁ። ቆንስላው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማፈስ ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በዚያ ግርግር ልጁ የት እንደታሰረ ሳያውቅ የከረመ ቤተሰብ ስንት ነው!

መዝገቡ እንዴት ተዘጋ

ሽማግሌዎች ገቡ። መጀመሪያ የሄዱት ሾፌሩ ቤት ነው። ታላቅየው ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። የሕክምናውን ወጪና ያልሠራበትን ቀን ገቢ ከፈሉ፤ ሾፌሩም አቤቱታውን አነሣ። ጉዳዩ በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 የተያዘ ስለነበር መዝገቡ በዚህ ተዘጋ። ከባድ ጉዳት ቢሆን ኖሮ እርቁ ቅጣት ያቀል ይሆናል እንጂ ክሱን አያስቀርም ነበር።

መዝገብ ተዘጋ ማለት እግዱ ተነሣ ማለት አይደለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ይህን የሰሙት አዲስ ትኬት ከቆረጡ በኋላ ነው። እግዱን የጣለው ፍርድ ቤት የማንሻ ትእዛዝ መጻፍ አለበት፤ ትእዛዙ ኢሚግሬሽን ደርሶ ስማቸው ከዝርዝሩ መውጣት አለበት። ጠበቃው ደብዳቤውን በእጁ አዲስ አበባ አደረሰ፣ መግባቱን አረጋገጠ፣ ቅጂውን ለሁለቱም ሰጣቸው። መካከለኛው የመዝገቡን መዝጊያ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ፣ አረጋግጦ ይዞ ሄዷል።